ኃላፊነቱ የተወሰነ

«ከነገ ጀምሮ ሠራተኛዬ አይደለህ፤
ድርጅት ሆነህ ና፣ ደረሰኝ ይዘህ»
አለኝ አለቃዬ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣
ዓይኑን በመነጽር፣ በጥቁር ሸፍኖ።
የሰው ቤት ወለሉን ያነጠፍሁ ወድጄ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጉልበቴ ሄጄ፣
በአንድ ትንፋሽ ንግግር ወጣሁ ከደመወዝ፤
እንግዲህ እኔው ላዝዝ፣ እኔው ልታዘዝ።

የጠበቃዋ ቢሮ፣ ቂርያት ጋት መሐል፣
ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ከሥሩ ይቆላል
የሱፍ ፍሬ፤ ሽታው በደረጃ ወጥቶ
ወረቀቷ ላይ ተቀምጧል ረግቶ።
«ይህች ሰው ናት» አለችኝ፣ ቅጹን እየገፋች፤
«በሕግ ፊት እንዳንተ በእግሯ ትቆማለች፤
ትበደራለች፣ ትከሰሳለች፤
አንተን አትጎትትም፣ እሷ ከወደቀች።»
«ታዲያ ምን ትበላለች?»
«መጀመሪያ ሒሳብ ሠራተኛውን ታበላለች፤
ከዚያ ስለ መኖሯ ብቻ፣ በየዓመቱ ለመንግሥት ትከፍላለች።»

መቶ አክሲዮን አላት። መቶውም የኔ ነው።
አንደኛ ጉባኤ፦ ሰብሳቢው ማነው?
እኔ። የተገኘስ? እኔ። ቃለ ጉባኤ
የያዘው? እኔ። ውሳኔው? በሙሉ ድምፅ፣ እኔ።
ጭማሪ ጠየቅሁኝ፣ የራሴን ደጅ ጠንቼ፤
«በጀት የለም» አልሁት፣ ጭንቀቱን ሰምቼ።

«ሦስት ስም ጻፍ» አለች፤ «አንዱ ከተያዘ ሌላው ይሞከራል።»
«ወርቅ ወለል» አልኋት። ቁልፎቹን ነካካች፤ «ሃይፋ ላይ ተይዟል።»
«የላኪሽ ድንጋይ»ስ? «ይኼም ባለቤት አለው፤ ዓምና ተመዝግቧል።»
ሦስተኛው መሥመር ላይ ብዕሬ ቆመ።

በሰባት ዓመቴ፣ ከአውሮፕላን ወርደን፣
አንድ ጸሐፊ ፊት ቆምን ተሰልፈን።
ስሜን ጠየቀና በአፉ ቢያላምጠው
አልዋጥልህ አለው፤ በ«አሸር» ለወጠው።
ከዚያ ወዲህ አሸር፤ በክፍል፣ በጦሩ፣
በሐኪሙ ካርድ ላይ፣ በቤቴ በበሩ።
የፊተኛው ስሜ፣ ከእናቴ አፍ በቀር፣ አድራሻ የለውም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ደምቢያ።
ዋስ ሆነ ለጎረቤቱ፣ ለሁለት ጭነት ጤፍ።
ሰውየው ጠፋ።
ዳኛው አልጠየቀም፣ «ዋስትናህ እስከ የት?» ብሎ፤
ወናፉ ተወሰደ፣ መዶሻው ተከትሎ።
በዚያ ሳምንት ተወለድሁ። እናቴ ባዶውን ቤት አየች፣
እኔን አየችና፣ «እንግዲህ አንተ ነህ ዋሴ» አለች።

ጻፍሁት። ጠበቃዋ ፈለገች፣
ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ «ነጻ ነው፤ ማንም አልያዘውም» አለች።

«ዋሴ የወለል ሥራ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ።»
ማኅተሙ እስኪደርቅ አልጠበቅሁም፤
ድንጋይ መቁረጫ ልገዛ፣ ብድር ልጠይቅ ባንክ ገባሁ።
«ኩባንያህ ገና ጨቅላ ናት» አለኝ ልጁ፣ ቡናውን ትቶ፤
«የግል ዋስትና ፈርም» አለና ሌላ ወረቀት አወጣ፣ መሳቢያ ከፍቶ።
«የተወሰነ ነው ብላኝ ነበር፣ ጠበቃዋ።»
«ለሌላው ሰው ነው የተወሰነው፤ ለባንክ አይደለም።»
ከዚያ ጠየቀኝ፦ ተበዳሪው ማነው?
«ዋሴ።»
ዋሱስ?
በዕብራይስጥ ነበር የጠየቀኝ፤ እኔ በአማርኛ ሳቅሁ።
ሳቄን ሳልጨርስ፣ አባቴ ጣቱን ቀለም ነክሮ
የተጫነበት ወረቀት ታየኝ።
ፈረምሁ። ሦስት ቦታ። አንዱ ላይ እጄ ተንሸራተተ።

ደረሰኝ ቁጥር አንድ፣
ለቀድሞው አለቃዬ፣ ለዛሬው ደንበኛዬ፦
ስድሳ ሁለት ካሬ፣ ሳሎንና ኮሪደር።
መነጽሩን አወለቀ፣ አነበበ።
«ዋሴ ማነው?»
«የቆምህበትን ያነጠፈው» አልሁት።
ጫማውን አየ፤ አንድ እግሩን ትንሽ አነሣ፣ መለሰው።
ከዚያ፣ «ወሩ ካለቀ በኋላ ስድሳ ቀን ቆጥረህ ና» አለኝ።